ይሄ የኔ ሞተር አይደለም

ስርቆት ተፈጽሟል ተብለን ስንደርስ የተሰረቀው ዕቃ ቦታው ላይ ነበር።

ቀይዋ መኪና ጋራዡ መካከል ቆማለች። ባለሁለት ወንበር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት። አራቱም ጎማ አለ። ሰሌዳው አለ። መስታወቱ አልተሰበረም፣ የበሩ ቁልፍ አልተነካም። ኮፈኑ ተከፍቶ ይታያል፤ ሞተሩም ከሥሩ ተቀምጧል። ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየና ቀና አለ።

«እማማ፣ ጠፋ የሚሉት ምኑ ነው?»

«እማማ አትበለኝ። የወለድኩት አንድ ነው፤ እሱም በቅቶኛል» አሉ ባለመኪናዋ። «የጠፋው ሞተሩ ነው።»

«ይኸው አለ እኮ!»

«ይሄ የኔ ሞተር አይደለም።»

ሳጅኑ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሴትየዋ አንድ ዓይናቸው በነጭ ፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ በቀረው ግን ጥቅሻውን አዩት።

«ተጣቀሱ። ሦስት ጊዜ ጣቢያ መጥቼ ሦስት ጊዜ ተስቆብኛል። በአራተኛው መጣችሁልኝ። ሳቃችሁን ስትጨርሱ ንገሩኝ።»

ዕድሜያቸው ስልሳ ሰባት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ፋብሪካ ውስጥ የመፍተያ ማሽኖች ኃላፊ ነበሩ። መኪናዋን ባለቤታቸው ከቁርጥራጭ ብረት መሸጫ ቀፎዋን ብቻ ገዝተው፣ ሞተሯን ለብቻ አግኝተው፣ ከጓደኛቸው ጋር መሥራት ጀምረው ነበር። ሞተሩ እንዳለቀ ባለቤትየው ሞቱ። የቀረውን፣ ከፍሬኑ እስከ ወንበሩ ስፌት፣ ሴትየዋ በዘጠኝ ዓመት በገዛ እጃቸው ጨረሱት።

ባለፈው ሳምንት ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገቡ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ታሽገው ሁለት ቀን በጀርባቸው ተኙ። ዓርብ ወጡ፤ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዳቸው መኪናዋን ሊያሞቁ አስነሱ።

«እስከ አስር ሳልቆጥር አጠፋሁት» አሉና ለእኛም አንዴ አስነስተው አሰሙን። «ድምፁ ቀጭን ነው። የሌላ ሰው ሳል።»

«እና በድምፅ ብቻ...» አለ ሳጅኑ።

«ሁለት መቶ ማሽን በአንድ ጊዜ በሚጮህበት አዳራሽ ነው የኖርኩት። ከሁለት መቶው አንዱ ሲታመም ከመግቢያው በር ላይ ሆኜ የትኛው እንደሆነ እናገር ነበር። አንተ ሚስትህ ስትቆጣ በድምጿ አታውቅም?»

«እሷስ ዝም ስትል ነው የማውቀው» አለ ሳጅኑ።

በዚህ መካከል ልጃቸው ገባ። ኢንሹራንስ ቢሮ የሚሠራ፣ ከረባቱን ያላላ፣ ያልተኛ የሚመስል ሰው ነው። በእጁ አቃፊ ይዟል።

«ይቅርታ አድርጉልን፣ ኢንስፔክተር። የተሽከርካሪ መዝጋቢው ባለሙያ ትናንት መጥቶ አይቶታል። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ይኸው ማኅተሙ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከማደንዘዣው በኋላ እንዲህ ሆነች። ሐኪምም ጽፎልኛል። ሰኞ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለን።»

«ሰኞ ልጄ ሞግዚቴ ሊሆን ነው!» አሉ እናትየው ከመኪናዋ ማዶ። «ቤቱን ይሸጣል። መኪናዋን ይሸጣል። እኔን መስኮቱ የማይከፈት ክፍል ያስገባኛል።»

«እማዬ፣ እንደሱ አላልኩም።»

«የመስኮቱን ፎቶ አሳይተኸኛል እኮ!»

ልጁ አቃፊውን ወደ ደረቱ አስጠጋ። ፎቶው አቃፊው ውስጥ እንዳለ ከፊቱ ገባኝ።

ጣቢያ ስንመለስ አዛዡ ከወንበሩ አልተነሳም። «ሞተሩ አለ፣ ቁጥሩ ልክ ነው። ወንጀሉ የት አለ?» አለኝ። እስከ ዓርብ ፈቀደልኝ፤ የፈቀደውም ከእኔ ጋር መከራከር ስለሰለቸው ይመስለኛል።

እኔ ውጭ አገር ስድስት ዓመት ስለ ማስረጃ ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። እዚያ ያስተማሩኝ፣ ሰውን አትመን ነገሩን መርምር የሚል ነው። እዚህ ስመለስ የጠበቀኝ፣ ማኅተሙን እመን የሚል ነበር። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሳጅኑ ከኋላዬ «ላቦራቶሪው» እያለ እንደሚጠራኝ አውቃለሁ። ዝም እላለሁ፤ ከፊት ለፊት ከሚጠሩኝ ስሞች ይሻላል።

•

የባልየው ጓደኛ፣ ያ ሞተሩን አብሮ የሠራው፣ በሰፈሩ ጋሽ ብሎን ይባላሉ። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ብሎን ስለሚገኝ ነው። ጋራዣቸው ጠባብ ነው፤ የብሎን መፍቻዎቹ ግን እንደ ፋርማሲ መድኃኒት በመጠናቸው ተደርድረዋል።

«የሷ ጆሮ ተሳስቶ አያውቅም» አሉ እጃቸውን እየጠረጉ። «ቁጥሩ ደግሞ ቁጥር ነው። እኔ በመካከል ምን ልበል?»

«ሞተሩን ሄደው ሰምተውታል?»

«አልሄድኩም። እሷን እንዲያ ሆና ማየት ልቤ አልቻለም።»

«መኪናዋን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አለ?»

«አለች እንጂ! እሷው ናት።» ሳቅ አሉ። «ችክ ያለች ሴት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ሄጄ ረድቻታለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ላስተምራት አልቻልኩም። የእጅ ፍሬኑን ገመድ ከኋላው ብረት በላይ አሳለፈችው። በላይ! ይፋተጋል፣ ይበላል፣ በሥሩ ነው የሚያልፈው አልኳት። 'በሥሩ ድንጋይ ይመታዋል፣ መኪናዋ የኔ ናት' አለችኝ። ለእንዲህ ያለች ሴት ሞግዚት ሊሾሙላት? ለሞግዚቱ ይዘኑለት።»

ሳጅኑ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

«የጋራዡ ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው?»

«እሷ፣ ልጇ፣ እኔ።» ሳይደበቁ ነው ያሉት። «ሆስፒታል የነበረች ጊዜ ግን እኔም እዚያው ከጎኗ ነበርኩ።»

ሳጅኑ ሆስፒታል ደወለ። በየቀኑ መጥተዋል ተባለ። ባለመኪናዋንም በስልክ ጠየቅኳቸው።

«ዓይኔን ባሰሩኝ ሁለት ቀን እጄን ይዞ የተቀመጠው እሱ ነው» አሉ። «ልጄ በስልክ ነው የጠየቀኝ። ከስብሰባ መሐል። አሁን እኔን ከምትጠይቀኝ ልጄ የት እንደነበር ጠይቅ።»

ጠየቅኩ። ልጁ እነዚያን ቀናት በሌላ ከተማ ስብሰባ ላይ ነበር፤ አርባ ሰው አይቶታል። የጋራዡን ቁልፍ ለማንም አልሰጠሁም አለ።

«ቁልፉን አስቀርጾ ለሌላ ሰው ቢሰጥስ?» አለ ሳጅኑ። «ይህ ልጅ ጭንቅላቱ ውስጥ ቤቱን ከሸጠው ቆይቷል።»

«ቤቱን የሚሸጥ ሰው ሞተር ምን ያደርግለታል?»

«እሱን ላቦራቶሪ ይመልሰው።»

•

ሐሙስ ዕለት ወደ ሰብሳቢው ሄድን። የድሮ መኪናዎችን የሚገዛ ሰው ነው፤ ባለመኪናዋን ሦስት ጊዜ ለምኗቸው ሦስት ጊዜ በር ዘግተውበታል። አዳራሹ ውስጥ አሥራ አራት መኪና፣ አንድ የሰንሰለት ማንሻ፣ በሸራ የተሸፈነ አንድ ሞተር አየን። ሳጅኑ ሸራውን እንደ ሙሽራ መጋረጃ በአንድ ጊዜ ገለጠው።

«የጀልባ ነው» አለ ሰብሳቢው። «ውኃው ገና አልደረቀም።»

ሳጅኑ ሸራውን መለሰ። ማንሻውም ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከወር በፊት ጀምሮ እንደተቀመጠ ዝገቱ መሰከረ።

«መኪናዋን ፈልገሃታል» አልኩት።

«አሁንም እፈልጋታለሁ! ሰርቄ ቢሆን ግን መኪናዋን ነበር የምሰርቀው። ስማኝ፣ ሞተር አውጥቶ፣ መልኩ የሚመሳሰል ሌላ ሞተር ፈልጎ፣ ቁጥር ደቁሶበት፣ መልሶ ገጥሞ የሚሄድ ሌባ የት ታየ? ያ ሰው የፈለገው መስረቅ ብቻ አይደለም። እንዳይከፋት ፈልጓል።»

«ሌባ ለባለንብረቱ ያዝናል?»

«እኔ ምን አውቄ። እኔ ሲከፋቸው ነው የምገዛው።»

ስንወጣ ስልኬ ጠራ። ባለመኪናዋ ናቸው።

«ልጄ ጋራዡን ቆልፎ አዲስ ቁልፍ አንጠልጥሎበታል። ለደህንነትሽ ነው ይለኛል። ቁልፉን ብቻ አምጣልኝ፤ ወንጀሉ አለ የለም የሚለውን በአሥር ደቂቃ አሳይሃለሁ።»

•

ዓርብ ጠዋት ልጁን ይዤ ሄድኩ። ቁልፉን ለመስጠት አላንገራገረም። የደከመው ይመስላል፤ ሁላችንም ትንሽ ልክ መሆኑን እንድንነግረው የሚለምን ፊት ነበረው።

እናትየው ጋራዡ በር ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። እንዳይጎነበሱ፣ ከባድ እንዳያነሱ ሐኪም አዝዟቸዋል። ጭናቸው ላይ ሁለት ነገር አለ፤ የአምራቹ የጥገና መጽሐፍና አንድ ረጅም የእንጨት ሹራብ መሥሪያ።

«ካንዴላዎቹን ፍታ» አሉኝ። «አራቱንም። ቀስ ብለህ። የሰው ጥርስ የምትነቅል አይምሰልህ።»

ፈታሁ።

«አሁን እንጨቱን በመጀመሪያው ቀዳዳ ክተት። ፒስቶኑ ራስ ላይ ያርፋል። ሳጅን፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ፤ አራተኛ ማርሽ ላይ ናት፣ ከኋላ ግፋት። በጣም በቀስታ።»

ሳጅኑ እጅጌውን ሰብስቦ ገፋ። መኪናዋ በጣት ልክ ስትንቀሳቀስ እንጨቱ በእጄ ውስጥ መነሳት ጀመረ። እስከ ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ መውረድ ጀመረ። ላይ ሲደርስ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ታች ሲደርስ ደገምኩ።

«ለካው።»

«ሰባ አምስት ሚሊሜትር።»

«አንብብ» አሉና መጽሐፉን ለልጃቸው ዘረጉለት። «ምልክት ያደረግኩበት ገጽ ላይ።»

ልጁ አነበበ። ከዚያ ደግሞ ለራሱ አነበበ። «ሰማንያ ሁለት» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰባ አምስቱ የማነው?»

«የዚያው ፋብሪካ... ባለአራት በር የቤተሰብ መኪና።»

«ከውጭ ሲታይ መንትያ ናቸው» አሉኝ። «ሆዳቸው ነው የሚለየው። ባለሙያህ ቁጥሩን አይቶ ማኅተሙን መታ። ቁጥር በመዶሻ ይጻፋል። የፒስቶን መንገድ ግን በመዶሻ አይረዝምም።»

ሳጅኑ ግንባሩን ጠረገ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። እማማ አላለም።

ልጁ ግን መጽሐፉን አጠፈ። «አባዬ ሲገዛው እንደዚህ የነበረ ቢሆንስ? ቀፎውንና ሞተሩን ለየብቻ ነው የገዛው። ምናልባት ድሮም...»

«ፒስቶኖቹን ስንቀይር የለካሁት እኔ ነኝ!»

«ይሄ ያንቺ ቃል ነው፣ እማዬ። ሰኞ የሚመዘነው ደግሞ ያንቺ ቃል ነው።»

የተናገረው በክፋት አልነበረም። ለዚህም ነው የከበደው። እኔም ልክ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ከሦስት ቀን በኋላ ለሚቀመጠው ዳኛ፣ ሹራብ መሥሪያ ይዛ የመጣች ሴት ምን ትመስለዋለች?

«ዋናው ሞተር ካልተገኘ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ታዲያ ፈልገዋ!» አሉኝ። «ደመወዝህ ለምንድን ነው?»

•

ልጁ ከሄደ በኋላ በርጩማቸውን ወደ መኪናዋ አስጠጉ።

«ሞተር አውጥቶ የገጠመ ሰው እጁን ትቶ ይሄዳል። እኔ መጎንበስ አልችልም። ዓይኔ አንተ ነህ። ግባ።»

ሳጅኑ መኪናዋን በክሪክ አነሳና የብረት ማቆሚያዎች ከሥሯ አደረገ። ካርቶን አንጥፌ በጀርባዬ ገባሁ። ባትሪዬን አበራሁ።

«የሞተሩ መቀመጫ ብሎኖች?»

«አሉ።»

«መኖራቸውን አውቃለሁ፣ ባይኖሩ ወድቆብህ ነበር። ጭንቅላታቸው ተልጧል?»

«አልተላጠም። ንጹሕ ነው።»

«የጭስ ማውጫው ማሰሪያዎች?»

«አዲስ ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን የዞሩ።»

«ሽቦዎቹ?»

«በየቦታቸው ታስረዋል። ምንም የተንጠለጠለ የለም።»

«ሌባ አይደለም» አሉ። «ባለሙያ ነው። ሌባ ይቸኩላል።»

«ከተማው ውስጥ ስንት እንዲህ ያለ ባለሙያ አለ?» አለ ሳጅኑ።

«በጣቴ የምቆጥራቸው። ቀጥል። ወደ ኋላ ሂድ።»

«ሞተሩ ከፊት ነው እኮ።»

«ሂድ አልኩህ። ሰው ቤት የገባ እንግዳ ሳሎን ብቻ አይቶ አይወጣም።»

በጀርባዬ ተንፏቀቅሁ። ነዳጅ ማስተላለፊያውን፣ የፍሬን ቱቦውን፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሁሉም እንዳስቀመጡት ነው አሉ። የኋላው ብረት ጋ ደረስኩ።

«የእጅ ፍሬኑ ገመድ» አሉ። «ከብረቱ በላይ ነው?»

«በሥሩ ነው።»



«ደግመህ እይ።»

በእጄ ዳሰስኩት። «በሥሩ ነው የሚያልፈው። አዲስ ቅባት ተቀብቷል።»

የበርጩማው እግር ሲፋቅ ሰማሁ፤ ተነስተዋል። ከመኪናዋ ሥር የማየው ጫማቸውን ብቻ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄደው ቆሙ፣ ተመለሱ፣ ቆሙ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሞተር ለማውጣት ያንን ገመድ መንካት አያስፈልግም። ከሞተሩ አንድ ሜትር ተኩል ይርቃል። ሌባ አይነካውም፤ ሰብሳቢው የሚቀጥረው መካኒክም ስህተት መሆኑን እንኳ አያውቅም። ያንን ገመድ ሊያነሳና በሥሩ ሊያሳልፍ የሚችለው፣ ዘጠኝ ዓመት የተሸነፈበት፣ መኪናዋን ሁለት ቀን ብቻውን ሲያገኛት እጁ እምቢ ያለው አንድ ሰው ነው።

ከሥሯ ወጣሁ። ሴትየዋ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«እትዬ...»

«ስሙን አንተ ጥራው» አሉ። «እኔ አልጠራውም።»

ሳጅኑ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሆስፒታል ደወለ። በዚህኛው ጊዜ «መጥተው ነበር ወይ» ብሎ አልጠየቀም፤ «ስንት ሰዓት ወጡ» ብሎ ጠየቀ። ረቡዕ ዕለት ይህን አለመጠየቃችን የእሱም የእኔም ጥፋት ነው፤ እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነበር። ጠያቂ የሚገባው ቀን ለአንድ ሰዓት፣ ማታም ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው ተባለ። ሰዓቱ ሲደርስ ዘበኛው ሁሉንም ያስወጣል። ለማንም አይለወጥም።

«እጄን ይዞ ነበር የዋለው» አሉ ባለመኪናዋ፤ ለእኛ ሳይሆን ለግድግዳው። ቀጥለውም «አይደለም። መድኃኒቱ ያስተኛኝ ነበር። ልተኛ ስል 'እዚህ ነኝ' ይለኛል። ስነቃ 'እዚህ ነኝ' ይለኛል። የመካከሉን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

•

አብሬ ካልሄድኩ አሉ። አይሆንም አልኩ። መኪናችን ውስጥ ገብተው ቀበቶ አሰሩ።

የጋሽ ብሎን ቤት ሁለት ክፍል ነው። በሩን ከፍተው እኛን አዩ፣ ከእኛ ኋላ እሳቸውን አዩ፣ ከዚያም ዞር ብለው መንገድ ለቀቁ። ወደ መኝታ ክፍሉ ገባን። አልጋው ግድግዳ ድረስ ተገፍቷል። በተለቀቀው ቦታ ላይ፣ በጥሩ ሁኔታ በተሠራ የእንጨት መቆሚያ ላይ፣ በንጹሕ አንሶላ የተሸፈነ ነገር አለ። ከሥሩ ዝርግ ቆርቆሮ ተቀምጧል፤ ቆርቆሮው ላይ የዘይት ጠብታዎች።

ባለመኪናዋ አንሶላውን ራሳቸው ገለጡት። እጃቸውን በሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፉ፤ የሰው ግንባር የሚዳስሱ ይመስሉ ነበር።

«አልሸጠውም ነበር» አሉ ጋሽ ብሎን።

«አውቃለሁ።»

«ዓይንሽ ከጠፋ ልጅሽ ለማንም ይሸጣታል ብለሽ አንቺው ነገርሽኝ። ቀፎው ይሂድ፣ ቀለሙ ይሂድ። ይሄ ግን... ከሱ ጋር ነው የሠራሁት። ከሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

«ዓይኔ እንደማይመለስ ማን ነገረህ?»

«ፈራሁ።»

«ሞተሩን መስረቅህ ይገባኛል» አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «እውነቴን ነው። በአንተ ቦታ ብሆን እኔም ሳላስበው አልቀርም። ግን አበደች ሲሉኝ ሰማህ። ልጄ ወረቀት ሲያጽፍብኝ ሰማህ። የዚህ ሰፈር ሰው ቃልህን ይጠብቅ ነበር። አንድ ቃል! 'ትክክል ናት' ብትል ይበቃኝ ነበር። 'ቁጥሩ ቁጥር ነው' አልክ። ሞተሬን ወሰድክ፤ አእምሮዬን ለምን ጨመርክበት?»

«ከሰኞ በኋላ ላስረዳቸው...»

«ከሰኞ በኋላ ማን ይሰማኛል? መስኮቱ አይከፈትም!»

ጋሽ ብሎን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ገባ፣ ምንም ሳይዝ ወጣ።

«ገመዱንስ?» አሉ ባለመኪናዋ።

ከገባን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋቸው። «ከላይ ስህተት ነው» አሉ። «አደገኛ ነው። ትሞቺ ነበር።»

«ስህተት ይሁን! የኔ ስህተት ነው! መኪናዬ ነች፣ ጭንቅላቴ ነው፣ ስህተቴም የኔ ነው። ማንም ተኝቼ እያለሁ አያርምልኝም። አንተም፣ ልጄም፣ ማንም!»

ሳጅኑ በሩን እያየ ቆመ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ መጻፉን ረስቼዋለሁ። ሁለቱም አርጅተዋል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው ነገሩ በሽምግልና ቢያልቅ ማንም አይወቅሳቸውም፣ አዛዡም ይደሰታል ብዬ አሰብኩ። ሐሳቤን ያነበቡት ይመስል ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ትጠብቃለህ? ጻፍ።»

«እትዬ፣ ክሱን ይፈልጉታል? ጋሽ ብሎን ሊታሰሩ ይችላሉ።»

«እኔ ልታሰር ነበር፤ ማን ጠየቀኝ? ጻፍ። ቀኑን ጻፍ፣ ሰዓቱን ጻፍ፣ ትክክል ነበረች ብለህ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ጋሽ ብሎን ሳያነቡ ፈረሙ።

•

ልጁ የሞግዚትነት አቤቱታውን እሑድ ማታ ተወው። እናቱ ጋ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ፤ «ሰምቻለሁ» እንጂ «ይቅር ብያለሁ» አላሉትም አለኝ። ጋሽ ብሎን በዋስ ተለቀዋል። ጉዳዩ በሂደት ላይ ስለሆነ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሞተሩ በማስረጃነት ተመዝግቦ፣ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ለባለመኪናዋ ተመለሰ። በሦስተኛው ወር፣ ሐኪሙ ዓይናቸውን አይቶ መንዳት ይችላሉ ካለ በኋላ፣ የመረከቢያውን ቅጽ ላስፈርም ሄድኩ። ከግቢው ውጭ ሆኜ ነው የሰማሁት። ስለ ሞተር የማውቀው ጥቂት ነው። ግን ያን ቀጭን ሳል አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ፤ ይሄ ያ አይደለም። ወፍራም፣ እርጋታ ያለው፣ ማንንም የማይለማመጥ ድምፅ ነው።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቀይዋ መኪና አፍንጫዋን ወደ መንገዱ አድርጋ ቆማለች። ልጃቸው ከፊቷ ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቷል።

«እማዬ፣ ብቻሽን አትወጪም!»

«ማን ከለከለኝ?»

«እኔ! ማለቴ... ማንም። ግን መንገዱ፣ የጭነት መኪናው፣ ዓይንሽ...»

«ሐኪሙ ንጂ ብሏል።»

«ለሐኪሙ እናቱ አይደለሽም!»

ሴትየዋ ፀጉራቸውን በሻሽ አስረዋል። ቅጹን ከእጄ በመስኮቱ ተቀበሉ፣ መሪው ላይ አስደግፈው ፈረሙ፣ መለሱልኝ። ነዳጁን አንዴ ረገጥ አደረጉት፤ መስታወቶች ተንቀጠቀጡ። ልጁ አልተንቀሳቀሰም። እጆቹ ግን ትንሽ ወረዱ።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ አየሁ፤ «ወይ ግባ፣ ወይ ከበሩ ዞር በል።»

እኔም የቆምኩት በሩ ላይ ነበር። ዞር አልኩ።